ባዶው ሚዛን ላይ የቆመው ሰው

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ጤፍ መግዛት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱ ባዶውን ማዳበሪያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እኔ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ከመሳለሚያ ተነሥተን በእግራችን እህል በረንዳ ደረስን። ተሸካሚዎች ከኋላችን «ዞር በሉ! ዞር!» እያሉ ይገፉናል። እሱ ለእያንዳንዱ «እሺ ወንድሜ» እያለ ጥግ ይይዛል። እኔ ጥግ በያዘ ቁጥር እጁን እጎትታለሁ። ሁልጊዜም እኔ ቸኳይ፣ እሱ ቆም ባይ ነበርን።

ደንበኛችን እዚያው በረንዳ ላይ ያደገ የስልጤ ሰው ነው። ገና ከሩቅ ሲያየን ከጆንያው ላይ ተነሣ።

«መምህር! ማኛ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። ዛሬ ምን ላድርግልዎት?»

«መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ አውጣኝ» አለው ባለቤቴ።

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ሊሸጧቸው ነው የመጡት?»

«የሚገዛ ካለ» አልኩት።

«ወላሂ በማኛ ዋጋ አልወስዳቸውም። ከሰርገኛ ጋር ቀላቅዬ ልሞክር ይሆናል።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ባለቤቴ ግን ስለ ቀልዱ ግድ አልነበረውም። ኩንታል የሚመዘንበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው ሚዛን ላይ ወጥቶ እጆቹን ጎንና ጎኑ ላይ ለጥፎ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጋዴው ብረቱን በጣቱ ገፋ ገፋ እያደረገ የሚዛኑን ክንድ አስተካከለለት።

«ቀልለዋል መምህር። ክረምት ላይ ሲወጡ ከዚህ ይበልጡ ነበር። እትዬ አያበሉዎትም እንዴ?»

«እሱን ተወውና ክንዱን እይልኝ» አለ ባለቤቴ። «ቀጥ ብሏል ወይስ ይንቀጠቀጣል?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ እኮ አልተንቀሳቀስኩም።»

«ይተነፍሳሉ አይደል? እህል ሲሆን ቀጥ ይላል። ሰውም በግም ሲሆን እንዲህ ያደርገዋል።»

ባለቤቴ የነጋዴውን እጅ ይዞ አመሰገነው። ፊቱ በርቶ ነበር። ሚዛኑ ዙሪያ ጤፍ ሲፈስና ሲረገጥ የቆየ ነጭ ብናኝ ነበር። ሲወርድ ግራ እግሩ ቀድሞ አረፈ፤ የጫማው ቅርጽ ብናኙ ላይ ታተመ፤ ተረከዙ በአንድ በኩል ገባ ያለ። ግራ ጫማው ሁልጊዜ በውጭ በኩል ያልቅበታል። ያን ቅርጽ ሳየው ነው ነገሩ የበራልኝ፤ አፌንም መያዝ አልቻልኩም።

«ልጅቷ ራሷ ናት!» አልኩት። «ሚዛኑ ላይ የምትቆመው፣ አድጋ የመጣችው ራሷ ልጅቷ ናት!»

ዝም አለ። የታተመውን ቅርጽ አየው፣ በጫማው ጫፍ ቀስ ብሎ አጠፋው። ከዚያ «ጤፉ ይመዘንና እንሂድ» አለ።

አስመዘንን። ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠበቅን። ዱቄቱን አሸክመን ቤት ገባን። ምሳ በላን፤ ስለ ሚዛኑ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሰኞ ከሰዓት፣ ለጎረቤት ሱቅ ዝርዝር ሳንቲም ልሰጥ ወጥቼ ስመለስ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አገኘሁት። የተኛ መሰለኝ። አልተኛም ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን።

አንባቢ ስለየትኛዋ ልጅና ስለየትኛው ሚዛን እንደማወራ አያውቅምና ከሥሩ ልንገር።

ሱቃችን ከመሳለሚያ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ ባለቤቴ በእጁ የጻፈው «መጻሕፍት እናከራያለን» የሚል ጣውላ አለ። እሱ የሳይንስ መምህር ነበር፤ ጡረታ ወጣ። እኔ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤታችን ሲታጠፍ በቅነሳ ወጣሁ። የምሠራበት የጽሕፈት መኪና በሐራጅ ሲሸጥ ገዛሁት። ያኔ አዲስ ነገር ሁሉ ይታተም ነበር፤ መጽሔቱ በየሳምንቱ ይወለዳል፣ በየሳምንቱ ይሞታል፤ ሰውም የማንበብ ረሃብ ነበረበት። ደንበኞቻችን ግን ባብዛኛው ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከትምህርት መልስ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ይገባሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው መደርደሪያውን ያማሉ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ፍቅርና ስለላ ነው» ይሉታል። «ሁሉም የሆነው ለንደን ነው። እዚህ ምንም አይሆንም እንዴ?»

«ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጉት?»

«የሚያስፈራ ነገር። ግን መንፈስ ብቻ አይደለም፤ ሳይንስ ያለበት።»

«ሳይንስ ያለበት መንፈስ?»

«አዎ!»

እንግዲህ እሱ የተማሪ ጥያቄ ሳይመልስ ማደር አይችልም። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት መጻፍ ጀመረ። የአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ እህል በረንዳ ላይ ነጋዴ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ተሸካሚዎቹ ሲበተኑ፣ ጆንያው ሁሉ ተነሥቶ በረንዳው ባዶ ሲሆን፣ ማንም ያልቆመበት ሚዛን ክንዱ በራሱ ብድግ ይላል። የአንድ ሰው ክብደት ያሳያል። ተሸካሚዎቹ ጂኒ ነው ብለው ሚዛኑን መንካት ይተዋሉ። አንዱ ጠበል ያመጣል፣ ሌላው ሼኩን ይጠራል፣ አባትየው ሚዛኑን ሊሸጥ ገዢ ያፈላልጋል። ልጅቷ ግን ትልቁ ነገር ፍርሃቱ አይደለም ትላለች፤ ፊዚክስ የሚያስተምራትን መምህር ትጠይቃለች፣ ሚዛኑ ላይ ዱቄት ትነሰንሳለች፣ ትመዘግባለች፣ ታነጻጽራለች። መምህሩ አንድ ሐሳብ ያመጣል። በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመጣ ሰው መልኩን ይዞ መምጣት አይችልም፤ ብርሃኑ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የሚደርሰው ክብደቱ ብቻ ነው።

ይህ እውነተኛ ሳይንስ አይደለም። ባለቤቴም ያውቃል። «ሊሆን የሚችል ይመስላል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» ይለኝ ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እሱ በእጁ የጻፈውን እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ያልጣመው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ የጆሮውን ጫፍ ይይዛል፤ እኔም አቁሜ እሰርዛለሁ። ሲያልቅ በካርቦን እመታዋለሁ። ምዕራፉን ከጫማ ካርቶን በተቆረጠ ሽፋን እንሰፋዋለን፤ ከዚያ ለየብቻው ይከራያል። አንድ ምዕራፍ ሲወጣ ሱቁ ውስጥ ግፊያ ይሆናል። ወረፋ የደረሰው ይዞ ይሮጣል፤ ያልደረሰው በሩ ላይ ቆሞ የተመለሰውን ይጠብቃል። ዘጠኝ ምዕራፍ እንዲህ ወጣ። አሥረኛው የመጨረሻው ነው ብሎ ተናግሯል።

አንድ ሕግ ግን ነበረው፤ መጨረሻውን ለእኔም አይነግረኝም። እኔ እንድገምት ይፈልጋል። ከገመትኩት ደግሞ ይለውጠዋል። «አንቺ ከደረስሽበት እነሱ ቀድመውሻል» ይላል። «ልጅ አስቀድሞ ያወቀውን ለምን ይከራያል?» ይህንኑ በአግዳሚ ወንበሩ ፊት አውጇል፦ «መጨረሻውን ያገኘ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ በነጋታው ሌላ መጨረሻ እጽፋለሁ!» ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ማን ያውቀዋል!» ይላሉ። እሱም ደስ ይለዋል።

ግምቴ ስሕተት ሲሆን ቤቱን በሳቅ ያናጋዋል። «አላገኘሽውም! አላገኘሽውም!» እያለ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ትክክል ሲሆን ዝም ይላል። አንድ ጊዜ፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በታሪኩ ውስጥ የሚጠፋውን የሚዛን ብረት የሚደብቀው የበረንዳው ዘበኛ ነው ብዬ ነበር። ዝም አለ፤ ሻይ አስቀዳኝ፤ ስለ ዝናቡ አወራኝ። በነጋታው ሙሉውን ምዕራፍ ከሰል ማቀጣጠያ አድርጎት አገኘሁ። ዘበኛው ንጹሕ ሰው ሆኖ እንደገና ተጻፈ። ስለዚህ የእሱን ዝምታ አውቀዋለሁ። በቅዳሜው ዝምታ ውስጥም ምን እንደነበረ አውቄዋለሁ፤ አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። ስላገኘሁትም ሊለውጠው ነበር። በምን እንደሚለውጠው ግን አልነገረኝም፤ ሳይነግረኝም ሄደ።

መሳቢያውን ስከፍት ያልተጻፈበት ወረቀት፣ እርሳስ፣ መነጽሩና የሳል ከረሜላ ብቻ ነው ያገኘሁት። ስለ አሥረኛው ምዕራፍ አንዲት መስመር አልነበረም። ይኖራል ብዬም አልጠበቅኩም፤ እሱ ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ ጨርሶ ሳያበስል ብዕር አያነሣም።

ለቅሶው ላይ ልጆቹ መጡ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጡት። ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተሰባስበው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከነሱ መካከል የቆርቆሮ ነጋዴ ልጅ የሆነች፣ ሻሿን ሁልጊዜ በመርፌ ቁልፍ አገጯ ሥር የምትይዝ አንዲት ጉራጌ ልጅ ነበረች። ከአንባቢዎቻችን ሁሉ አፈኛዋ እሷ ናት። ልታጽናናኝ ቀርባ «እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት» አለችኝ፤ ከዚያ «ጋሼ አሥረኛውን...» ብላ ጀመረች። ጓደኛዋ በክርኗ ጎን ጎኗን ብትላት ዝም አለች። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ድንኳን የሞላው ሰው «ምን ሆኖ ነው? ታምሞ ነበር?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ የሆዴን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

ሱቁን እከፍታለሁ፣ መደርደሪያውን አወርዳለሁ፣ መጻሕፍቱን በቁመታቸው እደረድራለሁ፣ አይጥመኝም፣ በቀለማቸው እደረድራለሁ። ዘግቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን የት እንደምሄድ ሳላውቅ ታክሲ ገባሁ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ሰው ሲተላለፍ አየሁ። ወዲያው በመንገዱ ማዶ ያው ታክሲ ዞሮ ሲመለስ እጄን አነሣሁ። ረዳቱ በሩን እያንሸራተተ አየኝ።

«እናቴ፣ አሁን ወርደው አልነበር? የረሱት ነገር አለ?»

«አዎ» አልኩት።

«አገኙት?»

«አላገኘሁትም።»

«ይግቡ እንግዲህ፣ አብረን እንፈልገዋለን» አለኝ፤ ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለነበረ ሳቁ አስደነገጠኝ፤ እስክወርድ ድረስ በመስኮት ብቻ አየሁ።

አሥረኛውን ምዕራፍ ራሴ ልጽፈው ሞከርኩ። መጨረሻውን ስለማውቀው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ያ መጨረሻ እሱ ሊጥለው የነበረ ነው። እሱ ከሰል ማቀጣጠያ ሊያደርገው የነበረውን ወስጄ «የባለቤቴ መጽሐፍ ይኸው» ብዬ ለልጆቹ ብሰጥ፣ በመጨረሻ ፈቃዱ ላይ እንደመርገጥ ሆነብኝ። ስለዚህ ሌላ ፈለግሁ። ሚዛኑ ላይ የምትቆመው የሞተች እናቷ ናት ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ሳነበው ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እጄ ወደ ጆሮዬ ጫፍ ሄደ። የሞተ ሰው አይተነፍስም፤ እሱ ደግሞ ሚዛን ላይ ወጥቶ ስለ ትንፋሽ የጠየቀው ያለ ነገር አልነበረም። ቀደድኩት። ሚዛኑን የሚያታልለው ተንኮለኛ ደላላ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ምዕራፍ ሙሉ የደከመችው ልጅ አሳዘነችኝ። ቀደድኩት። ከሌላ ኮከብ የመጣ ፍጡር አደረግሁት፤ እሱን ሳልጨርስ ነው የቀደድኩት። ከሌላ ኮከብ የመጣ ፍጡር እህል በረንዳ ምን ሊሠራ ይመጣል? ጤፍ ሊገዛ?

የአርባው ዝግጅት ደረሰና ዱቄት አለቀ። ብቻዬን እህል በረንዳ ሄድኩ። ነጋዴው ከሩቅ ሲያየኝ ከጆንያው ላይ ተነሣ፤ ዛሬ ግን ማኛና ሰርገኛ ብሎ አልጮኸም።

«እትዬ። አላህ ያጽናዎት። ይቀመጡ፣ ይቺ ጆንያ ንጹሕ ናት።»

«መምህር ያን ቀን ምን አለህ?» አልኩት።

«መቼ?»

«ሚዛኑ ላይ የወጣ ቀን። እኔ ጤፉን ሳይ የነገረህ ነገር የለም? ስለ መጽሐፉ?»

አሰበ። ጺሙን እያሻሸ፣ በእውነት ፈልጎ አሰበ። «አንድ ነገር ጠይቀውኛል። 'እዚህ ቦታ ካሳለፍከው ሁሉ የምትወደው ሰዓት የቱ ነው?' አሉኝ።»

«ምን አልከው?»

«'አመሻሽ ላይ ሒሳብ ዘግቼ፣ ልጆቼ ምሳ ዕቃዬን ሊወስዱ ሲመጡ' አልኳቸው። 'ከዚህ ሁሉ ዓመት እሱን ብቻ?' አሉኝ። 'ወላሂ እሱን ብቻ' አልኳቸው። ሌላ ምንም አላሉኝም እትዬ። ቅር እንዳይልዎት።»

ቅር አላለኝም፤ ግን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ጤፉን ሲያስመዝንልኝ ሚዛኑን አየሁት። «ልውጣ?» አልኩት። ተሸካሚዎቹን አባረረልኝ። ወጣሁ። ክንዱን አስተካከለው። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ክንዱ ቀጥ አለ። ለቀቅሁት፤ ተንቀጠቀጠ። ነጋዴው ክብደቴን ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ እሱም ጨዋ ሰው ነው።

ከአርባው በኋላ ነው ያቺ የቆርቆሮ ነጋዴ ልጅ ሱቅ የመጣችው። ከሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደርሳለች።

«እትዬ፣ ዘጠነኛውን ልከራይ።»

«አላነበብሽውም እንዴ?»

«አራቴ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«አሥረኛው የለማ! ባለው ልጽናና ነዋ።» ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ ከዚያ እንደለመደችው አመለጣት። «ይወጣል ግን አይደል? ጋሼ ጽፈውት ነበር አይደል?»

ልዋሻት ፈለግሁ። አልቻልኩም። «አልጻፈውም» አልኳት። «እኔም ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። መጨረሻውን ሊለውጠው ነበር። በምን እንደሚለውጠው አላውቅም።»

«ለምንድነው የሚለውጡት?»

«እኔ ደረስኩበት።»

ልጅቷ አየችኝ። የሻሿን መርፌ ቁልፍ ነካች። «ነገሯቸው?»

«ነገርኩት።»

«ወይኔ እትዬ!» አለች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ለምን ይነግሯቸዋል? እኛ እኮ ስንት ጊዜ ደብቀን!»

«ምኑን ነው የደበቃችሁት?»

«እሷው ራሷ እንደሆነች ነዋ! ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅቷ ራሷ ናት፤ አድጋ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ዱቄት ስትነሰንስ ግራ ተረከዙ ገባ ያለ ዱካ አገኘች አላሉም? የሷም ጫማ ግራው ያልቃል ብለው አንደኛው ላይ ጽፈዋል። ፋራ ካልሆነ ማን ያጣዋል? ክፍላችን ሁሉ ያውቃል። የ'ለ' ክፍልም ያውቃል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «እና አንድ ቀን እንኳ አላወራችሁም።»

«ጋሼ 'ያወቀ ካለ እለውጠዋለሁ' ብለው ነበር እኮ! እንዲለውጡት አልፈለግንማ። አንዱ ልጅ ሊነግራቸው ሲል መንገድ ላይ ይዘን መልሰነዋል። 'ማን ያውቀዋል ጋሼ' እያልን ፊታችንን እንደ ድንጋይ እናደርግ ነበር። ሳቃችንን እንዴት እንደያዝነው አላህ ነው የሚያውቀው።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ እርስ በርሳቸው ሲተያዩና አንገታቸውን ሲነቀንቁ ታየኝ። እሱ ያ መተያየት አለማወቅ መስሎት ደስ እያለው ምሳውን ይበላ ነበር። መምህር የነበረ ሰው፣ ተማሪ ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ ዕድሜውን ሙሉ ያየ ሰው፣ ይህን አላየም።

«ካወቃችሁት ለምን ትከራዩ ነበር?» አልኳት። የእሱን ጥያቄ ነው የጠየቅኳት፤ እሱ የለምና።

ልጅቷ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት አየችኝ። «ማን እንደሆነች ማወቅ ምን ያደርጋል? ለምን እንደመጣች ነው እንጂ! ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይባባላሉ? ትልቋ በፈለገችው ቀን መምጣት ትችላለች አይደል? ጦርነት ያለበት ቀን፣ ፈተና ያለበት ቀን፣ የምትሞትበት ቀን እንኳ። ለምን ሁልጊዜ ያን አመሻሽ ትመጣለች? አባቷ ሚዛን ሲጠርግ፣ እሷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ስትሠራ፣ ምንም የሌለበት ቀን እኮ ነው። እኛ የምንከራከረው በሱ ነው።»

ዘጠነኛውን ምዕራፍ አንሥቼ ሰጠኋት፤ ኪራይ ልትከፍል ስትል እጇን መለስኩት። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ በየትኛው ቀን ይመጡ ነበር?»

«ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አልኳት።

ሄደች። እኔ ግን የትኛው ቀን እንደሆነ አውቄው ነበር። ከአፌ ሳይወጣ እግሬ አውቆት ነበር፤ ታክሲ ውስጥ የሚያስገባኝና የሚያስወርደኝ እሱ ነው። ወደ ሠርጌ ቀን አልሄድም ነበር። ልመልሰው፣ ላስጠነቅቀው፣ ወደ ሐኪም ልወስደው ወደ ሰኞም አልሄድም ነበር፤ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ነው፤ የሚደርሰው ክብደት ብቻ ከሆነ ማንንም ማዳን አይቻልም። ወደ ቅዳሜ ነው የምሄደው። ተሸካሚዎቹ ወደሚገፉበት፣ እሱ «እሺ ወንድሜ» እያለ ጥግ ወደሚይዝበት፣ ነጋዴው «ሊሸጧቸው ነው?» ወደሚልበት። ሚዛኑ ላይ ከአጠገቡ ወጥቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ክንዱ ከአንድ ሰው ክብደት በላይ ሲያሳይ ነጋዴው «ከብደዋል መምህር» ይለዋል።

ነጋዴው የነገረኝ ጥያቄም ያኔ ገባኝ። ባለቤቴ ስለ ማንነቷ አልነበረም የሚያስበው። እሱም እንደ ልጆቹ ለምን እንደመጣች እየፈለገ ነበር። መጨረሻውን ሊለውጠው ይችል ነበር፤ ዘበኛውን እንደለወጠው ሁሉ ልጅቷንም በሌላ ሰው ሊተካት ይችል ነበር፤ ያንን እርግጠኛ መሆን አልችልም። ነገር ግን ሕጉን ያወጣው ለልጆቹ ብሎ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ሕጉን ጥሰው መጨረሻውን ጠብቀውለታል። እሱ ቢሰማ በመጀመሪያ ይናደድ ነበር፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን እየመታ ይስቅ ነበር። «አላገኘኋችሁም!» ይል ነበር።

ስለዚህ ልጅቷ ራሷ ትሆናለች። በነጋታው ወረቀት አስገባሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ክንዱ መንቀጥቀጡን ነው፤ ልጅቷ ክንዱን አይታ ሚዛኑ ላይ ያለችው እንደምትተነፍስ ስታውቅ። ያን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩት። እጄ ጆሮዬን አልነካም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት እሱ በሚቀመጥበት ወንበር እቀመጣለሁ፤ አሥረኛውን ምዕራፍ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ያልጣመኝን እሰርዛለሁ፤ የቀረውን በካርቦን እመታለሁ። ሽፋን የሚሆን የጫማ ካርቶን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ከትምህርት መልስ ልጆቹ ሲመጡ በሩን እከፍትላቸዋለሁ።